ወንድሜ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ አይጠግብም፤ ረሃብ ከሆድ ነው ወይስ ከጭንቅላት?

ሰላም ለሁላችሁ። የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ጥያቄዬ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ፈቃዱን ጠይቄ ነው የምጽፈው፤ ስሙን ግን አልጠራም።

አምና ክረምት ላይ ታመመብን። እንቅልፍ አጣ። ማንም በሌለበት ድምፅ ይሰማ ጀመር። ቀጥሎ እኛኑ ጠረጠረ፤ እናቴ የሰጠችውን ውሃ እንኳ አልጠጣም አለ። ሐኪም ቤት ወሰድነውና ኦላንዛፒን የሚባል፣ ማታ ማታ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘለት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድምፁ ጠፋ። ተኛ። ሳቀ። ከእኛ ጋር ቡና ላይ ቁጭ አለ።

ግን ሌላ ነገር መጣ። ልጁ አይጠግብም። ሦስት እንጀራ በልቶ ማዕዱ ሳይነሳ ዳቦ ይጠይቃል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳና ጓዳ ገብቶ ያገኘውን፣ የቀዘቀዘ ሽሮም ይሁን ደረቅ ቂጣ፣ ቆሞ ይበላል። በስድስት ወር 14 ኪሎ ጨመረ። እናቴ መጀመሪያ ላይ የልጄ ፊት ሞላልኝ ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። አሁን ጓዳውን ትቆልፋለች። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው፣ ከማተቧ ጋር።

ባለፈው ለማርያም ዝክር ቤታችን ሰው ተሰብስቦ ነበር። ወንድሜ ሁለተኛ ጊዜ እንጀራ ሲያስጨምር አጎታችን ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ሆዳም አለው። ወንድሜ የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠና ወጣ። ያን እጅ ካየሁ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ኪኒኑን ያዘዙልን ሰዎች ስለ ረሃብ አንዲት ቃል አልነገሩንም። ስለዚህ የምታውቁ ንገሩኝ። ይህ ረሃብ ከየት ነው የሚመጣው? ልጁ ራሱን መግዛት አቅቶት ነው ወይስ መድኃኒቱ ነው? እኔ ሆዳምነት አይደለም ባይ ነኝ፤ ግን ለእናቴ የማስረዳበት ቃል የለኝም።

*

ይህን ከጻፍኩ ሁለት ሳምንት ሆነው። መልሱ 43 ደርሷል። ዛሬ የሚገባ ሰው ሁሉንም ከላይ ጀምሮ ማንበብ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ ልንገራችሁ። ስድቡን ትቼዋለሁ።

መልስ 1 ምሕረትን ተመኝቶልን ብቻ ነው የሄደው። እሱንም አመሰግናለሁ።

መልስ 2 ደብረ ብርሃን ከምትሠራ ነርስ ነው የመጣው። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ሲስተር እያልን ነው የጠራናት። ነገሩን ከሥሩ ነው ያስረዳችኝ። ጭንቅላታችን ሥር፣ ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ሃይፖታላመስ የምትባል ክፍል አለች፤ ረሃብና ጥጋብ የሚመዘኑት እዚያ እንደሆነ ጻፈች። ሆድ ባዶ ሲሆን ጨጓራ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፣ ይህች ክፍልም የመብያ ሰዓት መድረሱን ታውቃለች። ምግቡ አንጀት ሲገባ ደግሞ ሌሎች ሆርሞኖች መብቃቱን ይነግሯታል። በሰውነት የተከማቸው ስብም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን እያመነጨ ቤት ውስጥ ስንቅ እንዳለ ያሳውቃል። ኦላንዛፒን የሚያውከው ይህንን ንግግር ነው። ሂስታሚንና ሴሮቶኒን የተባሉት ኬሚካሎች የጥጋብን ወሬ የሚያደርሱበትን በር ይዘጋል። የወንድሜ ሆድ ይሞላል፣ ጭንቅላቱ ግን አልሰማም ማለት ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቁጭ አልኩ።

ሲስተር በዚያው መልሷ ሁለት ነገር አጥብቃ አሳሰበችኝ። አንደኛ፣ ኪኒኑን በራሳችን ፈቃድ እንዳናቋርጥ። ሁለተኛ፣ ስኳሩ ተለክቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። መድኃኒቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን የደም ስኳርም ሊጨምር ስለሚችል፣ ውሃ ጥም ከበዛበትና ሽንት ከተመላለሰበት ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንድንሄድ ነገረችኝ። ተለክቶ አያውቅም ነበር። እኔም እንዲለካ መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።

መልስ 3 ላይ አንዱ ሂስታሚን የአለርጂ ነገር አይደለም ወይ ብሎ ተጠራጠረ። መልስ 4 አንድ ፋርማሲስት ነው፤ ጥርጣሬው ትክክል መሆኑን አምኖ፣ ኬሚካሉ ያው አንዱ መሆኑን አስረዳ። ቆዳ ላይ ሲሆን ያሳክካል፤ ጭንቅላት ውስጥ ሲሆን ግን ንቁ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይገታል። የቆዩት የአለርጂ ኪኒኖች እንቅልፍ የሚያመጡት ለዚህ ነው። ኦላንዛፒንም ያንኑ በር ሲዘጋ እንቅልፉና ረሃቡ አብረው ይመጣሉ። ወንድሜ ኪኒኑን በዋጠ በሰዓቱ ዐይኑ የሚከደነውና ሌሊት ጓዳ የሚገባው በአንድ ምክንያት ነው ማለት ነው። እኔ ሁለት የተለያየ ነገር ይመስለኝ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታው ሰላም ነበር።

መልስ 5 የአንድ ትልቅ ሰው ነው፤ ከአንጎለላ በኩል ነኝ አሉ። በእሳቸው ዘመን ልጅ አንድ የገብስ ቂጣ ይዞ ቀኑን ሙሉ ከብት ሲጠብቅ እንደሚውልና ጠገብኩ አልጠገብኩ የሚባል ወሬ እንዳልነበረ ጻፉ። የአሁን ልጅ ሆዱን አስለምዶት እንጂ ኬሚካል ምናምን የሚባለው የፈረንጅ ሰበብ ነው አሉ። ኪኒኑን ጥለን ጠበል እንድንወስደው መከሩ። በመጨረሻም እናቴ መቆለፏ ደግ እንዳደረገች ጨመሩ። ይህቺ የመጨረሻዋ እኔንም አሳመመችኝ፤ ግን አባት ናቸው፣ ዝም አልኩ።

6 እና 7 ግን ዝም አላሉም። የጻፉትን አልደግመውም። ለሽማግሌ የማይባል ነገር ነው።

መልስ 8 ክሩን ሁሉ ጸጥ አሰኘችው። አንዲት ሴት ናት። እህቷ ተመሳሳይ ኪኒን ትወስድ ነበር፤ ወፈረች፣ ሰው ተጠቋቆመባት፣ አፈረችና ለማንም ሳትናገር አቋረጠች። በሁለት ወር ውስጥ ሕመሙ ተመለሰ። ከቤት ወጥታ ሦስት ቀን ጠፋች፤ ከጣርማ በር በታች በእግሯ ስትሄድ የከባድ መኪና ሹፌር አግኝቷት መለሳት። ጸሐፊዋ በኪኒኑ አልፈረደችም። የፈረደችው በሚጠቋቆሙት ላይ ነው፤ ራሷንም ከእነሱ መሐል ቆጥራለች።

መልስ 9 ዲያቆን ነው። ለመልስ 5 በትሕትና ነበር የመለሰው። ጠበል ቦታ ሲያገለግል ኪኒናቸውን ይዘው የሚመጡ ሰዎች እንደሚያጋጥሙት፣ እሱም ጠበሉንም ኪኒኑንም እንዳይተዉ እንደሚመክራቸው ጻፈ። ከዚያ ስለ ረሃብ የራሱን ነገር አመጣ። በሁዳዴ የመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሆዱ ይጮኻል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ጠዋቱ ጸጥ ይላል፤ ረሃቡ የሚመጣው ቅዳሴ ሊያልቅ ሲል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ሃምሳ አምስቱም ቀን ሲያልቅ ደግሞ ወደ ድሮው ሰዓት ይመለሳል። ይህ ጸጋ ነው ወይስ የሰውነት ነገር ነው ብሎ ጠየቀ። ሲስተር መልስ 11 ላይ መለሰችለት። ግሬሊን የሚነሳው ሆድ ባዶ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የተለመደው የመብያ ሰዓት ሲቃረብም ነው፤ ሰዓቱ ሲለወጥ እሱም ቀስ ብሎ ይከተላል። ጸጋውን ግን እሷ እንደማትለካው ነው የጻፈችለት። መልሷን ወደድኩት።

በመሐል መልስ 10 ከመሐል ሜዳ የመጣ አስተማሪ ነው። ሰውየው ሲጽፍ ረጅም ነው፤ ቢሆንም አንድም ቃል አልተረፈም። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 የተደረገ ጥናት አስነበበን። አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንታት ከፊል ረሃብ ላይ አቆያቸው። ልጆቹ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። አስተማሪው የተገረመው ግን በክብደቱ አይደለም፤ በጠባያቸው ነው። ሌላ ወሬ ጠፋባቸው። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ያነባሉ፣ በሕልማቸው ምግብ ያያሉ፣ ሳህን ይልሳሉ፣ በትንሽ ነገር ይነጫነጫሉ። ጨዋ የነበሩ ልጆች ናቸው። ጥናቱ አልቆ እንደልባቸው ብሉ ሲባሉ ደግሞ ብዙዎቹ ለወራት እየበሉ አልጠገቡም። አስተማሪው ወታደሮች ናቸው ብሎ ነበር፤ መልስ 12 ላይ ሌላ ሰው አረመው። ወታደር ሳይሆኑ መሣሪያ አንይዝም ብለው በፈቃዳቸው ለጥናቱ የገቡ ነበሩ። አስተማሪው ስሕተቱን ተቀብሎ አመሰገነ።

ይህ ታሪክ ሰዉን ነካው። መልስ 13 ላይ አንዷ የሴት አያቷን ነገር አወራችን። አያቷ የ77ቱን ድርቅ አይተዋል። ዛሬ ልጆቻቸው ደኅና ናቸው፣ ጎተራው ሙሉ ነው። አያቷ ግን እስከ አሁን ትራሳቸው ሥር የዳቦ ቁራሽ በጨርቅ ቋጥረው ነው የሚተኙት። ሲሻግት በአዲስ ይቀይሩታል። በቤቱ ማንም አይጠይቃቸውም። እሷ ልጅ ሆና ትስቅባቸው እንደነበርና አሁን ሌሊት ስታስበው እንደሚያስለቅሳት ጻፈች። እኔም ስለ ወንድሜ የሌሊት ቂጣ አሰብኩ።

መልስ 14 የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ነው። ራስን መግዛት የሚሉ ሁሉ ይህን ያንብቡ ብሎ ስለ ሌፕቲን ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1994 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ይህንን ሆርሞን የሚያሠራውን ጂን አገኙ። ሦስት ዓመት ቆይቶ እንግሊዝ አገር ውስጥ ሌፕቲን ከተፈጥሮ የጎደላቸው ሁለት የሥጋ ዘመዳሞች ልጆች ታወቁ። አንዷ ገና የ8 ዓመት ልጅ ሆና 86 ኪሎ ነበረች። መጥፎ አስተዳደግ ሳይሆን ስብ እንዳለ የሚናገረው ሆርሞን ስለሌላቸው ጭንቅላታቸው ሁልጊዜ ጠኔ ላይ ያለ ይመስለው ነበር። ሌፕቲኑ በመርፌ ሲሰጥ የማይጠግብ የነበረው ልጅ እንደማንኛውም ልጅ በልቶ ይነሳ ጀመር። ተማሪው ጥያቄውን ለመልስ 5 አዞረው፤ ያቺን ልጅ ቂጣ ይዘሽ ከብት ጠብቂ ቢሏት ትጠግብ ነበር ወይ የሚል ነው። አነጋገሩ ትንሽ ሻካራ ነበር።

እሳቸውም መልስ 15 ላይ ተመለሱ። እውነቱን ልናገር፣ የዚህኛው መልሳቸው ቁም ነገር ነበረው። እንዲህ ያለ ጉድለት ከስንት አገር ሕዝብ መሐል አንድ ሁለት ሰው ላይ የሚታይ ከሆነ፣ በእሱ ተመክቶ የወፈረን ሁሉ ሕመምተኛ ማለት አይቻልም አሉ። ሲስተር በዚህ ተስማማች። ብዙ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች ሌፕቲን እንዳልጎደላቸው፣ እንዲያውም እንደሚበዛባቸውና ጭንቅላታቸው ግን እንደማይሰማው ጨመረች። የወንድሜ ጉዳይ ከሁለቱም እንደሚለይ፣ ምክንያቱ የታወቀ መድኃኒት መሆኑንም አስታወሰች። ሽማግሌው ለዚህ አልመለሱም።

16 እና 17 ስለ እንቅልፍ ናቸው። 16 ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነው። የሌሊት ፈረቃ ሲደርሰው ጣፋጭ ነገር ብቻ እንደሚያምረው፣ በአንድ ሌሊት ሁለት ፓኮ ብስኩት እንደሚጨርስና ቀን ፈረቃ ሲመለስ ብስኩቱ ትዝ እንደማይለው ጻፈ። 17 ላይ ተማሪው፣ በዚህኛው ግን በለሰለሰ ቃል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የቺካጎ ጥናት ነገረው። 12 ወጣቶች ሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ ሲተኙ ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ወረደ፣ ግሬሊናቸው በ28 በመቶ ወጣ። ጥናቱ ትንሽ ነው። ቢሆንም ተረኛው በጣም ደስ ብሎት ለሚስቱ እንደሚያነብላት ቃል ገባ።

መልስ 18 የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው። ጫት ሲይዝ ከምሳ በኋላ እስከ ሌሊት ምግብ የሚባል አይታየውም፤ ይህስ ከምንድን ነው አለ። ፋርማሲስቱ ካቲኖን ከሚባለው ንጥረ ነገር መሆኑን ነገረው። አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ጭንቅላት ውስጥ ዶፓሚንን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚከስም ነው ጫት በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ የሚመጣው። ምርቃናው ሲወርድ ግን ያልተበላው ምሳ ከነእዳው እንደሚመለስ ጨመረ። እዚህ ላይ አንዱ ቆለኛ ሁሉ ቃሚ ነው የሚል ነገር ወረወረ፤ ልጁ ተቆጣ፤ ለሰዓታት ተነታረኩ። እኔ ገብቼ ለመንኳቸው። ከዶፓሚኑ አንዱን ነገር ብቻ ልውሰድላችሁ፣ ፋርማሲስቱ ያለውን፤ ዶፓሚን ከመጣፈጡ ይልቅ ከመፈለጉ ጋር ነው የሚያያዘው። ሰው የማይጣፍጠውን ነገር አጥብቆ ሊፈልግ ይችላል። ወንድሜ ሌሊት ደረቅ ቂጣ ቆሞ ሲበላ ፊቱ ላይ ደስታ አይቼ አላውቅም።

ከ19 እስከ 26 ርዕሳችን ጠፋ። አንዱ መንዜ የገብስ በሶ ከጠዋት እስከ ማታ እንደሚያቆይ ሲጽፍ አንዷ የጅሩ ልጅ በጤፍ መጣችበት። ማኛ የበላ ሰው በሶ አያምረውም ነው ነገሩ። ከዚያ ጭኮ መጣ፣ ከዚያ ጠላ መጣ፣ የደብረ ብርሃን አረቄ ሳይቀር ተነሳ። ሰው ደስ ብሎት ስለነበር አላቋረጥኩም። በመሐል ግን የሚጠቅም ነገር ወጣ። ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለ፤ ውሃ ሲያገኝ እንደ አጥሚት ይወፍርና ምግቡ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርገዋል። መንዜው በዚህ ድል ያደረገ መሰለው። ግን መልስ 24 ሁለቱንም ዝም አሰኘ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲድኒ ውስጥ 38 ዓይነት ምግቦች ተመዝነው፣ እኩል ካሎሪ ካላቸው መሐል ከሁሉም በላይ ያጠገበው የተቀቀለ ድንች ነበር፤ ከነጭ ዳቦ ከሦስት እጥፍ በላይ። ድንች እኛ ዘንድ የሚታረስ ነገር ነውና ለእናቴ ነገርኳት።

መልስ 27 የቋንቋ ነገር አመጣ። አማርኛችን ስሜትን ሁሉ ሆድ ውስጥ ነው ያስቀመጠው፤ ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ቡቡ። በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ አንጀት ውስጥ መሆኑን ጠቅሶ፣ አባቶቻችን ከሳይንስ ቀድመው አውቀውታል ብሎ ደመደመ። ብዙ ሰው ወደደው። መልስ 28 ላይ ሲስተር አረመችው። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ነገር ግን የአንጀቱ ሴሮቶኒን ወደ ጭንቅላት አይሻገርም፣ ጭንቅላት የራሱን ይሠራል። ሆድና ጭንቅላት የሚነጋገሩት በሆርሞንና ቬገስ በሚባለው ረጅም ነርቭ በኩል ነው። 27 ትንሽ ቅር አለው። እኔ ግን ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ።

መልስ 29 ዋሽንግተን የምትኖር የሞላሌ ልጅ ናት። በሳምንት አንዴ ኦዜምፒክ ትወጋለች፣ ለስኳሯ ነው የታዘዘላት። ቀድሞ ሥራ ላይ ሆና ቀኑን ሙሉ ማታ ምን እንደምትበላ ታስብ ነበር። መርፌውን ከጀመረች ወዲህ ሐሳቡ ራሱ ጠፋ። ግማሽ ሳህን በልታ ይበቃታል። መጀመሪያ ደስ እንዳላት፣ ከዚያ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ራሷን ስትራገም መኖሯ እንዳናደዳት ጻፈች። ፋርማሲስቱ አሠራሩን አብራራ። ከተመገብን በኋላ አንጀታችን ጂ ኤል ፒ ዋን የሚባል ሆርሞን ያወጣል፤ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። መርፌው ያንኑ እየመሰለ ለሳምንት ይቆያል። አንድ ሁለት ሰው ከየት እንደሚገዛ ወዲያው ጠየቀ፤ ፋርማሲስቱ ተቆጣ። ያለ ሐኪም የሚወጋ ነገር አይደለም፣ በየሜዳው የሚሸጠውም ምን እንደሆነ አይታወቅም። ቁጣው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ያሉት ጥቂቶቹ ድጋሚ ናቸው፤ አልፋቸዋለሁ።

መልስ 34 ለእኔ ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ ነው፤ እሱም የፋርማሲስቱ ነው። ሐኪሙን የምንጠይቀውን ነገር ጻፈልኝ። ክብደትን ያን ያህል ወደማይጨምር ሌላ መድኃኒት መቀየር ይቻል እንደሆነ፤ ካልተቻለ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ጨምረው የክብደቱን መጨመር የሚቀንሱበት አሠራር መኖሩን። ሁለቱም በሐኪም እጅ ብቻ የሚሆኑ ናቸው። በየወሩ ክብደቱና የወገቡ ዙሪያ እንዲለካ፣ ስኳሩና በደሙ ያለው ቅባት እንዲታይም መከረ። ያዘዙልን ቦታ ይህን ቢነግሩን ኖሮ ስድስት ወር አንፈጅም ነበር። ይህ ቁጭት እስካሁን አልወጣልኝም።

መልስ 35 ከሰላ ድንጋይ የመጡ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ይጽፍላቸዋል። የሳቸውም ልጅ እንዲሁ ያለ ኪኒን ይወስዳል። እሳቸው መሶቡን አልቆለፉም። ከመሶቡ ውስጥ ያለውን ነገር ነው የቀየሩት። ብስኩትና ለስላሳ ቤት አያስገቡም፤ ሌሊት ለሚነሳው ልጃቸው የተቀቀለ ባቄላ፣ ድንችና ጎመን ከድነው ያስቀምጡለታል። ከምሳ በፊት የገብስ ሾርባ ያስጠጡታል፤ የጥጋቡ ወሬ ሩብ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚደርሰው ስለተባሉ ቀስ ብሎ እንዲበላ አብረውት ይቀመጣሉ። ሲጨርስ ወደ ቤተ ክርስቲያን አብረው በእግር ይሄዳሉ። ልጁ አልከሳም፤ መወፈሩ ግን ቆመ። አንድ ቃል ለእናቴ ልከዋል። ቁልፉን ከአንገቷ እንድታወርድ ነው፤ የልጅ ዐይን ሁልጊዜ እዚያ ላይ እንደሚያርፍ እሳቸው ያውቁታል።

መልስ 38 ላይ የአንጎለላው አባት እንደገና መጡ። ክርክር አልነበረም። ባለቤታቸው ለነርቭ ተብሎ የታዘዘላቸው ኪኒን እንዳለ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደወፈሩና ሌሊት እንደሚበሉ፣ እሳቸውም ተቆጥተዋቸው እንደሚያውቁ በሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ያም ኪኒን እንዲህ ያደርግ እንደሆነ ጠየቁ። ፋርማሲስቱ የመድኃኒቱን ስም ካሸጉ ላይ አይተው እንዲልኩለት ጠየቃቸው። 39 ላይ ላኩ። ቀሪውን በውስጥ መስመር ነው የተነጋገሩት።

ሐሙስ ማታ ክሩን ከመልስ 2 ጀምሬ ለእናቴ አነበብኩላት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሲስተር የጻፈችውን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። በሩን እየዘጋ ነው የተባለው ላይ ስደርስ ማን ነው የሚዘጋው አለችኝ። ኪኒኑ ነው አልኳት። እሱ እኮ አይደለም ማለት ነው አለች፤ ወንድሜን ማለቷ ነው። ብዙ አላወራችም። አርብ ጠዋት ስነሳ ጓዳው ክፍት ነበር።

መልስ 42 የወንድሜ ነው። እንደሚያነብ አላውቅም ነበር። ስሙን አልጻፈም፤ ግን ያወቅነው አወቅነው። ድምፁ ከሚመለስ መራብን እንደሚመርጥ ጻፈ። ተኝቶ እንኳ እንደሚርበው፣ በሕልሙ የዝክሩን ማዕድ እንደሚያይ ጻፈ። የሚለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሲበላ ሰው እጁን እንዳያይበት። ለሰላ ድንጋይዋ እናት ልጅም ሰላምታ ልኳል፤ እሱም ሌሊት ቆሞ ነው ወይ የሚበላው ብሎ ጠይቋል።

መልስ 43 ከሰላ ድንጋይዋ እናት ቤት ነው፤ በልጁ በራሱ እጅ የተጻፈ። ቆሞ ነበር የሚበላው፤ አሁን ቁጭ ብሎ ይበላል።

የወንድሜ ቀጠሮ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ስኳሩን እንዲለኩልን እጠይቃለሁ፣ ፋርማሲስቱ የጻፈልኝን በወረቀት ገልብጬ ይዣለሁ። የሚሉኝን መጥቼ እዚሁ እጽፋለሁ።